ይታያልን አንሰጥም

ልጅ እያለሁ ቦንጋ ውስጥ ለውሻ ስም የሚወጣው ለጎረቤት ተብሎ ነበር። ሰው ፊት ለፊት የማይናገረውን በውሻው በኩል ይናገራል። ከቤታችን በላይ «ምን አገባህ» የሚባል ውሻ ነበር፤ ከታች ደግሞ «ቻለው» የሚባል። ጠዋት ውሻውን የሚጠራ ሰው ሁሉ ግማሽ ድምፁ ለውሻው፣ ግማሹ ለአጥሩ ማዶ ነው። የእኛ ውሻ «ይታያል» ይባላል። ስሙን ያወጣለት አባቴ ነው። እናቴን ያገባ ጊዜ «ሥራ የለመደች ሴት ትዳር አትይዝም» ብለው ላሙት ሰዎች የሰጠው መልስ መሆኑ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። አባቴ ቂም አይረሳም። ውሻው ግን ከዚህ ሁሉ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ሲጠሩት ጭራውን እየቆላ ይመጣል።

ቤታችን ወደ ገበያው በሚወርደው መንገድ ዳር ነበር። እማዬ በረንዳው ላይ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋለች። አባቴ ቢታ ገነት ግብርና ቢሮ ስለሚሠራ የምናየው በወር አንዴ፣ መንገዱ በጭቃ ከተቆረጠ ደግሞ በሁለት ወር አንዴ ነው። ስለዚህ የቤቱ ወንዶች ይታያልና የሁለት ዓመቱ ወንድሜ ናቲ ነበሩ። ይታያል ደረቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ የግራ ጆሮው የተጠቀለለ ቡኒ ውሻ ነው። ቀኑን ሙሉ ከመኪናው ሥር፣ የጨርቅ ቅዳጅ ላይ ይተኛል። ዛሬም የመኪና ዘይትና አዲስ ካኪ ሲሸተኝ፣ የረጠበ ውሻ ሽታ ካልተከተለው የጎደለ ነገር ያለ ይመስለኛል። ቦንጋ ደግሞ ውሻ ሳይረጥብ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው።

እኔ ያኔ አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። አንድ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ከላይኛው መንገድ የማላውቀው ጥቁር ውሻ እየተንገዳገደ ሲወርድ አየሁ። አፉ አረፋ ደፍቋል። አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዝምሞ፣ ማንንም ሳያይ ይሄዳል። እኔ የቤታችን አጥር ላይ ተለጠፍኩ። ይታያል በአጥሩ ቀዳዳ ወጥቶ ተወረወረበት፤ ሁለቱ ተያይዘው ጭቃው ላይ ተንከባለሉ። ወዲያው ጥቁሩ ውሻ ተላቅቆ ቁልቁል ሄደ። የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰዎች ከድልድዩ ማዶ ደብድበው እንደገደሉት ሰማን። «ያበደ ነው» ተባለ። ሰፈሩ ሁሉ ልጁን ወደ ቤት ሰበሰበ።

እኔ ይታያልን ከጓሮ ወስጄ ፈተሽኩት። በተጠቀለለው ጆሮው ሥር ትንሽ ቁስል ነበረች፤ የጤፍ ፍሬ የምታህል ደም ወጥቷታል። በልብስ ሳሙና አጠብኩለትና ለማንም አልተናገርኩም። ያበደ ውሻ የነካው ውሻ ሁሉ እንደሚገደል አውቃለሁ። ለራሴም «ጭረት ነው፤ አጥሩ ነው የጫረው» አልኩት። ልጅ ለራሱ ሲዋሽ እንደ ትልቅ ሰው አይቸገርም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጋሽ ወልዴ መጡ። ጋሽ ወልዴ የማንኪራ ሰው ናቸው። ጫካ ውስጥ ረጃጅም ዛፍ ላይ ቀፎ ይሰቅላሉ። በየሁለት ሳምንቱ በእግራቸው እየመጡ ለእማዬ ማር ይሰጧታል፤ እሷ ደግሞ የልጆቻቸውን ልብስ ትሰፋላቸዋለች። ልብሳቸው ሁልጊዜ ጭስ ጭስ ይሸታል። አማርኛቸው ወንዱንም ሴቱንም አንድ ያደርገዋል፤ ይታያልን «ይቺ ውሻ» ነበር የሚሉት፤ እኔን ደግሞ አንዳንዴ «አንተ ጎበዝ» ይሉኛል፤ በዚህ ደስ ይለኝ ነበር። ሲመጡ የማሩን ዕቃ በረንዳው ላይ ያስቀምጡና ናቲን ወደ ላይ ያነሱታል። ያን ቀንም አነሱት። ናቲ ግን ሲያተኩሰው አድሮ ገና ከእንቅልፉ መነሳቱ ነበር፤ ሰማይ የተደረመሰበት ይመስል ጮኸ። ከዚያ የማስታውሰው ይታያል ከመኪናው ሥር ሲወጣ ነው። አልጮኸም፤ አላስጠነቀቀም። የጋሽ ወልዴን ክንድ ያዘ።

ጋሽ ወልዴ መጀመሪያ ናቲን ቀስ አድርገው መሬት ላይ አስቀመጡት። ክንዳቸውን ያዩት ከዚያ በኋላ ነው። ደሙ እማዬ ስትሰፋው የነበረው ነጭ የዩኒፎርም ሸሚዝ ላይ ተንጠባጠበ። ይታያል ለቅቋቸው ወደ ግድግዳው ተጠጋና የጥፋተኛ ዓይን አደረገ።

ጩኸቱን ሰምቶ ጎረቤቱ ሁሉ ግቢያችንን ሞላው። ከፊት የመጡት የእድራችን ዳኛ ጋሽ ደምሴ ናቸው። ጡረታ የወጡ ፖሊስ ነበሩ፤ ቁመታቸው የበር መቃን ያህላል፤ የወይራ ዱላቸው ከእጃቸው አይጠፋም። በሰፈራችን እሳቸው ያሉት ነገር ሁለተኛ አይባልም። ክንዱን አዩ፤ ውሻውን አዩ። «ልጆቹን አስገቡ» አሉና ዱላቸውን ወደ ላይ አነሱ።

እማዬ መሀል ገባች። ጨርቅ ስትቆርጥበት የነበረውን መቀስ ገና አላስቀመጠችም።

«ጋሽ ደምሴ፣ መጀመሪያ ሰውየው ይታከሙ።»

«ሰውየውም ይታከማል፣ ውሻውም ይገደላል። ሁለቱን ለመሥራት ሰው ሞልቷል።»

«ከግቢዬ ውስጥ እኔ ሳልፈቅድ የሚገደል ነገር የለም» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እናቴ ከአንገታቸው በታች የምትደርስላቸውን ሰው ቀና ብላ ስታይ፣ ያን ጊዜ ያየኋትን ያህል ረጅም ሆና አይቻት አላውቅም። ጋሽ ደምሴ መቀሱን አዩ። ዱላቸውን አወረዱ፤ ከግቢው ግን አልወጡም። ይታያልን በሰንሰለት ከኮክ ዛፉ ጋር ካሰርነው በኋላ ነው የሄዱት።

ጤና ጣቢያ ያለው ሰውዬ ክንዱን በሳሙናና በውሃ ረጅም ጊዜ አጠበው። ከዚያ በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋ መርፌ እንደሚጀመርላቸው ነገራቸው። ቀጥሎ የተናገረውን እማዬ ሁለት ጊዜ አስደገመችው። ውሻው መገደል የለበትም። ታስሮ አሥር ቀን ይጠበቅ። በአሥር ቀን ውስጥ ካልታመመና ካልሞተ፣ ሲነክስ በምራቁ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው፤ መርፌውም ይቆማል። ውሻው ከተገደለ ግን የሚታይ ነገር አይኖርም፤ ሰውየው መርፌውን ሁሉ ይጨርሳሉ፣ ከዚያም በኋላ ለወራት በፍርሃት ይኖራሉ። «ስለዚህ» አለ ሰውዬው እማዬን እያየ፣ «ለሳቸው ስትይ ጠብቂው።»

ማንኪራ ሩቅ ስለሆነ ጋሽ ወልዴ በየቀኑ ተመላልሰው መርፌ መወጋት አይችሉም። እማዬ የአባቴን አልጋ አነጠፈችላቸው። እንዲህ ሆኖ ነካሽና ተነካሽ አንድ ግቢ ውስጥ አሥር ቀን ሊኖሩ ሆነ። በማግስቱ ማታ እማዬ ልብስ በምታሰምርበት ጠመኔ የበሩ ጀርባ ላይ አንድ መስመር አሰመረች።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እድሩ ተሰበሰበ። ሴቶች ከኋላ ተቀመጡ፤ እኔ ናቲን አዝዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ጋሽ ደምሴ ተነስተው ንግግር አላበዙም። ልጅ ሳሉ፣ ገና ወደ ቦንጋ ሳይመጡ፣ ቤታቸው የሚወደድ ውሻ እንደነበር ተናገሩ። ውሻው ጎረቤት ነከሰ። አባታቸው «ቤቴን የሚጠብቅ ነው» ብለው ሳይገድሉት፣ ሳያስሩትም ቀሩ። በሦስተኛው ቀን እህታቸውን ነከሰ። «ስምንት ዓመቷ ነበር» አሉ። «ውሃ ስናሳያት ትንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ነኝ እጇን የያዝኩት።» ጀርባዬ ላይ ያለው ናቲ ከበደኝ፤ የይታያል ጆሮ ሥር ያለችው ቁስል ትዝ አለችኝ። ጋሽ ደምሴ ቀጠሉ፦ «ውሻው እስከ ነገ ካልተገደለ፣ ወይዘሮ ጥሩነሽ ከእድሩ ትወጣለች።»

ይህ ቀላል ቃል አይደለም። በኛ አገር ከእድር የወጣ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክልለት የለም። እማዬ ተነሳች። የእህታቸው ነገር እንዳሳዘናት፣ ሕፃን ያላት እናት እንደመሆኗ እሷም እንደምትፈራ ተናገረች። «ግን ያ ውሻ ተለቆ ነበር፤ የኔ ታስሯል። ይሄን ውሻ ዛሬ ገድላችሁ ነገ ጋሽ ወልዴ ‹በሽታው አለብኝ ወይ?› ሲሉኝ ምን ብዬ ልመልስላቸው? ማነው የሚመልስላቸው? የጠየቅኩት አሥር ቀን ነው። ለአሥር ቀን ከእድር የምታወጡኝ ከሆነ አውጡኝ። ስሞት ልጄ ታውቅበታለች።» ዞራ አየችኝ። የምታውቅብኝ ነገር ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ግን ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ስብሰባው ሳይወሰን ተበተነ።

ወሬው ቢታ ገነት ደርሶ ኖሮ፣ ሰኞ የሚኒባስ ሾፌር የአባቴን መልእክት ይዞ መጣ። «ከሰው አታጣይን፤ ውሻ ሌላ ይገኛል» ይላል። እማዬ መኪናዋን ሳታቆም አዳመጠችና፣ «‹ሚስትም ሌላ ትገኛለች ወይ?› ብላሃለች በለው» አለችው። ሾፌሩ እየሳቀ ሄደ። አባቴ መልስ አልላከም። ውሻውን «ይታያል» ብሎ የሰየመ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል?

ትምህርት ቤት ደግሞ የኔ ተራ ሆነ። ጓደኞቼ አጠገቤ አይቀመጡም፤ ከእኔ ቤት የመጣ ቆሎ አይበሉም። «የእብድ ውሻ እህት» የሚል ስም ወጣልኝ። ሱዚ ለመዝለል ገመዱን የሚይዙልኝ ሁለት ልጆች አጣሁ። ቤት ስገባ ገመዱን አንዱን ጫፍ ከበረንዳው ቋሚ፣ ሌላውን ከአጥሩ እንጨት ጋር አሰርኩና፣ መንገድ ላይ የሚያልፈው ሁሉ እያየኝ ብቻዬን ዘለልኩ። ከጉልበት ጀመርኩ፤ ወገብ ደረስኩ። እንባዬ ይወርዳል፤ ግን አላቆምኩም። ይታያል ከዛፉ ሥር ሆኖ ያየኛል። ጋሽ ወልዴ በረንዳው ላይ ሆዳቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ መርፌው አሳብጦባቸዋል። «በርታ!» ይሉኛል።

ሰዎች እየመጡ ጋሽ ወልዴን ይመክሯቸው ነበር። «እርስዎ ነዎት የተነከሱት፤ አንድ ቃል ቢናገሩ ይገደላል» ይሏቸዋል። አንድ ቀን ሰለቻቸውና፣ «ንብ ሲነድፈኝ አርባ ዓመት ሆነ» አሉ። «ቀፎዬን አቃጠልኩ? ይቺ ውሻ ልጁ ሲያለቅስ ነው የነከሰችኝ። ሥራዋ ነው። እኔ የምፈልገው እንድትኖር ነው፤ እሷ ከኖረች እኔም እኖራለሁ።» ከዚያ በኋላ የሚመክራቸው ሰው ቀነሰ። እኔ ግን ያቺን የመጨረሻ ቃላቸውን ስሰማ ዓይኔ ወደ ይታያል ጆሮ ሄደ።

ረቡዕ ጠዋት፣ ሰንሰለቱ ከሚደርስበት ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ሥጋ ወድቆ አገኘን። እማዬ በቅጠል አንስታ ሽንት ቤት ከተተችው። ማን እንደወረወረው አልጠየቀችም። መኪናዋን ግን ከበረንዳው አንስታ ከኮክ ዛፉ ፊት ለፊት አደረገችው፤ ከላይ ላስቲክ ወጥራ፣ ጠብታው ትከሻዋ ላይ እየወደቀ፣ ያን ሳምንት እዚያ ሆና ሰፋች። ትምህርት ቤቱ ከዩኒፎርሞቹ ከግማሽ የሚበልጡትን በሰዓቱ አላገኘም።

ዓርብ፣ በስድስተኛው ቀን፣ ጋሽ ወልዴ ከረጢታቸውን አሰሩ። ነጩ ማር የሚቆረጥበት ጊዜ ደርሷል፤ ዝናቡ ሳይቀድማቸው ዛፍ ላይ መውጣት አለባቸው። «ውሻዋ ደህና ናት፤ ትበላለች፤ ትጠጣለች። መርፌው ይብቃኝ» አሉ። እማዬ ለመነቻቸው፤ አልሆነም። አራት ቀን ለማር ብዙ ነው። እሷም እየተከዘች ስንቅ ልታዘጋጅላቸው ገባች።

እኔ ከበሩ ላይ ቆምኩባቸው። ብናገር ይታያል ይገደላል። ዝም ብል እሳቸው ወደ ጫካቸው ይገባሉ፤ ከዚያ ምናልባት፣ ምናልባት ጋሽ ደምሴ እጇን እንደያዙላት ልጅ ይሆናሉ። ሁለቱንም ነበር የምፈልገው። ማንም «አንዱን ምረጪ» አላለኝም፤ ግን በሩ ጠባብ ነበር፤ ሁለቱ አብረው አያልፉም።

«ጋሽ ወልዴ፣ አይሂዱ» አልኳቸው። «ያበደው ውሻ ከይታያል ጋር ተናክሷል። እኔ አይቻለሁ። ጆሮው ሥር ቁስል አለ።»

ከረጢታቸውን አስቀመጡ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጡም። ክንዳቸው ላይ ያለውን ፋሻ በሌላው እጃቸው ሸፈን አደረጉት፤ ልክ እንደበረደው ሰው። «ለእናትህ ንገራት» አሉኝ።

ነገርኳት። እማዬ ያደረገችውን አልረሳም። ናቲን ፈልጋ አነሳችው፤ ክንዱን፣ እግሩን፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ነው ወደኔ የዞረችው። ትመታኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። «ስንት ቀን ነው ይሄን ይዘሽ የተኛሽው?» አለችኝ። አሥር ቀን እንደሆነኝ ነገርኳት። «አሁን ደግሞ ለጋሽ ደምሴ ትነግሪያቸዋለሽ። እኔ ከኋላሽ እቆማለሁ፤ የምትናገሪው ግን አንቺ ነሽ።»

ጋሽ ደምሴ በራቸው ላይ ነበሩ። በዝናቡ ውስጥ ቆሜ፣ ከቀበቷቸው ቀና ሳልል ሁሉንም ነገርኳቸው። የማክሰኞውን፣ የቁስሏን፣ የሳሙናውን። ስጨርስ ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ «እሺ፤ አሁንስ? ይገደል ነው የምትይው?» አሉኝ።

ቀና ያልኩት ያን ጊዜ ነው። «አይገደልም» አልኳቸው። «አሥር ቀን አልሞላም።»

«ያበደ ውሻ ነክሶት?»

«ነክሶት። ካበደ እኔው መጥቼ እነግርዎታለሁ። ዛሬ የነገርኩዎት እኔ አይደለሁም?»

ለጋሽ ደምሴ እንዲህ ብሎ የመለሰ ልጅ በሰፈሩ አልነበረም። እሳቸው ካፖርታቸውን ደረቡና፣ አብሯቸው የሚሄድ ሰው ሳይጠሩ፣ የእንስሳት ሐኪሙን ፍለጋ ወደ ከተማ ወጡ።

ሐኪሙ በሞተር ብስክሌት፣ በጭቃ ተለውሶ መጣ። ገና ወጣት ነበር፤ ሲናገር ጋሽ ደምሴን እየፈራ ነው። ነገሩ ሁለት እንደሆነ አስረዳን። ጋሽ ወልዴን በተመለከተ አሥሩ ቀን አልተለወጠም፤ ውሻው እስከዚያ ደህና ከሆነ እሳቸውም ደህና ናቸው። ውሻው ግን በሽታው ገብቶበት ተደብቆ ሊቆይና ከወራት በኋላ ሊነሳበት ይችላል። ስለዚህ ወይ አሁኑኑ ይገደላል፣ ወይ ተከትቦ ስድስት ወር ታስሮ፣ ሕፃን ሳይቀርበው ይጠበቃል። ምልክት ካሳየ ግን ክርክር የለም። «ብዙ ሰው ስድስት ወር አይችልም» አለ። «እውነቱን ለመናገር እኔም የምመክረው እንዲገደል ነው።»

ጋሽ ደምሴ ወደ እማዬ ዞሩ። «ማን ነው ኃላፊነቱን የሚወስደው?»

«እኔ» አለች እማዬ።

«እኔም» አልኩ።

«አንድ ነገር ከሆነ፣ የምመጣው ወደ እናንተ ነው» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ይምጡ» አለች እማዬ። «በሩን ያውቁታል።»

ማክሰኞ አሥረኛው መስመር በሩ ጀርባ ላይ ተሰመረ። ሰፈሩ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያይ ነበር። ጋሽ ወልዴ የቆጮ ቁራሽ ይዘው ሰንሰለቱ ድረስ ተጠጉና ወረወሩለት። ይታያል በአየር ላይ ቀለበው። በቃ፤ ይሄው ነው የሆነው። ጤና ጣቢያ ያለው ሰውዬ መርፌውን አቆመላቸው። ጋሽ ወልዴ የዚያኑ ቀን ወደ ማንኪራ ሄዱ። በኋላ እንደሰማነው ከቀፎዎቻቸው ብዙዎቹን ዝናብ ቀድሟቸው ነበር፤ የዚያ ዓመት ነጭ ማር ተበላሽቶባቸዋል። እሳቸው ግን አንድም ቀን አላነሱብንም።

የከበደው ስድስቱ ወር ነው። ሁልጊዜ ተለቆ የኖረ ውሻ ሰንሰለት አይገባውም። መጀመሪያ ይጮህ ነበር፤ ከዚያ ያለቅስ ጀመር፤ ከዚያ ዝም አለ፤ ዝምታው ከሁሉ ይብሳል። ቆርቆሮና ሳንቃ ለቃቅሜ ጣራ ሠራሁለት። ምግቡን በረጅም እንጨት እየገፋሁ እሰጠዋለሁ። ማቀፍ ተከልክያለሁ። ጠዋት ጠዋት ዓይኑን፣ አፉን፣ አረማመዱን አያለሁ። አንዳንድ ቀን ምላሴን ረገምኩት። ዝም ብል ኖሮ በአሥረኛው ቀን ተፈትቶ ነበር እላለሁ። አስተማሪዎቻችን እውነት ነጻ እንደምታወጣ ይነግሩን ነበር። የኔዋ እውነት ውሻዬን ስድስት ወር አሰረችው። እንደዚያም ሆኖ ማታ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር፤ ከዚያ በፊት በነበሩት አሥር ቀናት ግን አይወስደኝም ነበር።

ኅዳር ላይ ሐኪሙ መጥቶ አየውና ሰንሰለቱን ፈታሁለት። ይሮጣል ብዬ ነበር። አልሮጠም። በስድስት ወር እግሩ የረገጠው ክብ መሬት ላይ ታትሞ ነበር፤ እዚያ ክብ ጫፍ ድረስ ሄዶ ቆመ። ጠራሁት፤ አየኝና ዞሮ በክቡ ውስጥ ተመላለሰ። ከክቡ የወጣው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ያውም ናቲ ኳሱን ፍለጋ ሲሮጥ ተከትሎት።

ጋሽ ደምሴ ይታያልን በፈታሁበት ቀን መንገዱ ላይ ቆመው አይተዋል። ዱላቸውን ይዘዋል። «ተሳስቻለሁ» አላሉም፤ እማዬም አልጠበቀችም። ከእድሩ የማስወጣቱ ነገርም እንዲሁ ሳይነሳ ቀረ። እማዬ በየለቅሶው ቤት ቀድማ እየተገኘች ውሃ ስትቀዳ፣ ማን ደፍሮ «ውጪ» ይበላት? ጋሽ ደምሴ እስኪሞቱ ድረስ በራችን ላይ ሲደርሱ ቆመው፣ «ውሻው ታስሯል?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ይታያል ካረጀ፣ ዓይኑ ከጠፋ፣ ጥርሱ ካለቀ በኋላም ይጠይቁ ነበር። እኔም እስከ መጨረሻው፣ «አልታሰረም» ብዬ እመልስላቸው ነበር።

አሁንም የምኖረው ቦንጋ ነው። ያ መንገድ ኮብልስቶን ሆኗል፤ ባጃጁ ከንጋት ጀምሮ ያንጫጫዋል። አጥሩ ሁሉ ብሎኬት ስለሆነ ተንጠልጥሎ የሚያይ ጎረቤት የለም። የምከራይበት ግቢ ውስጥ ስድስት አባወራ ነን፤ የምንነጋገረው በቴሌግራም ነው። አምና የግቢያችን ውሻ አንዲት ልብስ አጣቢ ነከሰ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ስልኬን ስከፍት አንዱ «ይወገድ» ብሎ ጽፏል፤ ከሥሩ አራት አውራ ጣት ተቀምጧል። «አስሩት፤ አሥር ቀን ይጠበቅ» ብዬ ጻፍኩ። ማንም አልመለሰልኝም። በባጃጅ በርሬ ስደርስ ውሻው የለም፤ መርዝ አብልተው ጥለውታል። ጤና ጣቢያ ልጅቷን «ውሻው የት አለ?» ብለው ሲጠይቋት የምትመልሰው አልነበራትም። መርፌው ዛሬ ክንድ ላይ ነው የሚወጋው፤ እንደ ድሮው ሆድ አያሳብጥም፤ ፍርሃቱ ግን ያው ነው። ከዚያ በኋላ ለወራት ውሃ በጠጣች ቁጥር ጉሮሮዋን ትነካ ነበር።

ውሻው የተገደለ ዕለት በየበሩ እየዞርኩ አንኳኳሁ። ነገረኛ ነሽ ብትሉኝም በሉኝ ብዬ ነው። «ማን ወሰነ?» እላለሁ። አንዷ የሕፃን ጡጦ ይዛ፣ አንዱ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያዞረ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ሰጡኝ፤ «ሁላችንም ነን» አሉኝ። ማን መርዙን እንደሰጠው ስጠይቅም «ሁላችንም»። ዓይኔን ያየኝ ሰው አልነበረም።

ከጋሽ ደምሴ ጋር ስድስት ወር ተጣልተናል። ሥጋውን የወረወሩት እሳቸው ይሁኑ አይሁኑ ዛሬም አላውቅም፤ አይመስለኝም። እሳቸው ውሻ ሊገድሉ ሲመጡ በቀን፣ በበር፣ ዱላቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር የሚመጡት። «ማን ወሰነ?» ብትላቸው፣ «እኔ» ይሉሃል። «እኔ» የሚል ሰው ስለነበረ ነው፣ እማዬም ፊት ለፊቱ ቆማ «እኔ» ማለት የቻለችው።